«ደህና ናቸው» የሚለው ሮቦት

አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው ሮቦት መሥራት ነው። እናቱ ኮተቤ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እሱ እዚያው አዲስ አበባ፣ ሌላው ጫፍ ላይ። ሥራ አላላውስ ሲለው ምን አደረገ? ሮቦት ሠርቶ ላከላቸው።

ወገኖቼ፣ ክፉ ልጅ እንዳይመስላችሁ! የገዛ ድምፁን ሳይቀር ነው የሰጠው። ሮቦቱ በየማለዳው ሁለት ሰዓት ላይ በልጁ ድምፅ እንዴት አደርሽ ይላቸዋል። እግዚአብሔር ይመስገን ካሉ፣ «እናትህ ደህና ናቸው» የሚል መልእክት ልጁ ስልክ ላይ ይገባል። አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። እናትየውን ለማየት ግን በዓል መድረስ አለበት።

አንድ ሐሙስ ማለዳ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ደወሉ። በሩ ሁለት ቀን እንደተዘጋ ነው፣ አንተ ጋ መጡ እንዴ አሉት። ኧረ ቤት ናቸው፣ ትናንትም ደህና መሆናቸው ደርሶኛል ሲል መለሰ።

«ታዲያ ትናንት ለምን ለቅሶ ቀሩ?» አሉ ሴትየዋ። «እናትህ ለቅሶ ቀርተው ያውቃሉ?»

ቁልፉን ይዞ በረረ። መንገዱን ሁሉ፣ ፈጣሪዬ አደራህን እያለ ነው የሄደው። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ሲከፍት የተቀበለው የራሱ ድምፅ ነው።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

ከአልጋው ማዶ፣ ከወለሉ ላይ፣ የደረቀ ድምፅ መለሰ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ወድቄያለሁ... ውሃ...»

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እናትህ ደህና ናቸው። ሮቦቱም ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አያችሁ? በእኛ አገር ችግር የሚነገረው መጀመሪያ ፈጣሪ ከተመሰገነ በኋላ ነው። እናትየው ከማክሰኞ ጀምሮ ወድቄያለሁ ሲሉ ኖረዋል፤ ሮቦቱ ግን ከምስጋናው ወዲያ ያለውን እንዲሰማ አልተሠራም። ልጁ ያንን አላሰበበትም።

እናትየው በመከራ ተርፈዋል። ልጁ ግን ዛሬም ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል።

እኔም እፈራለሁ፣ ወገኖቼ። የምፈራው ሮቦቱን እንዳይመስላችሁ። እስቲ እውነቱን ተናገሩ፤ ጠይቆ ጀርባ መስጠትን ከማን ተማረው? ከእኛ አይደለም ወይ? በር ላይ ተሳስመን፣ ደህና ነህ ወይ ብለን፣ መልሱ ሳያልቅ ታክሲ የምንሳፈረው እኛ አይደለንም ወይ?

ዛሬ ስትወጡ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁት። እግዚአብሔር ይመስገን ሲላችሁ እንዳትሄዱ። ቁሙ። ገና አልነገራችሁም።