ድንጋዩ ወዴት ይሂድ?

«የተንሸራተትሽበትን ቦታ ለማንም አትንገሪ፤ ይስቁብሻል።»

ይህን የነገረቻት እናቷ ናት፣ ዳልቻ አህያ ገና ውርንጭላ ሳለች።

እናንተ ልጆች ቀረብ በሉ፣ እናንተ ትልልቆችም ጆሮ ስጡኝ። ነገሩ የሆነው ድንጋይ አንደበት በነበረው፣ እንስራም ባየችው ሁሉ ሐሳብ በምትሰጥበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን እንስሳት በአንድ ኮረብታ ላይ አገር መሥርተው ይኖሩ ነበር። አንድ ልማድ ነበራቸው። ክረምቱ ሲወጣ ሁሉም ከየእርሻው ድንጋይ ይለቅማል፤ ተሸክሞም መንደሩ መሃል ይከምራል። ክምሩ ሲያድግ ጉባኤ ይጠራና «የዘንድሮው ድንጋይ ወዴት ይሂድ?» ተብሎ ይመከራል። አገሩ ከዚያ ክምር ሌላ ሀብት አልነበረውም። ድንጋዩ የሄደበት ይገነባል፤ ያልሄደበት እንደነበረ ይከርማል።

አንድ ዓመት ድንጋዩ ሄዶ የበሬዎቹ ማረፊያ አጥር ሆነ። በሌላው ዓመት ሄዶ የአውራ ዶሮው መጮኺያ ሰገነት ሆነ። በሌላው ዓመት ደግሞ በሬዎቹ ተደግፈው ያፈረሱት አጥር መጠገኛ ሆነ። ወደ ምንጩ መውረጃ ግን አንድም ድንጋይ ሄዶ አያውቅም።

ምንጩ ከኮረብታው ጀርባ፣ ከገደሉ ሥር ነው። ውሃ የሚቀዱት ሴቶቹ ናቸው፤ አህያዋ፣ ላሟ፣ ፍየሏ። መውረጃው ላይ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ዳጥ አለ፤ ሰኮና የማይይዝበት ጭቃ። አምና እትዬ ቀዮ ላም እዚያ ወድቃ የሆዷን ጥጃ አጣች። ዘንድሮ ደግሞ ዳልቻ ውርንጭላ ወልዳለች። ውርንጭላው ጠንክሯል፤ ከእናቱ ኋላ ወደ ምንጩ መውረድ ሊጀምር ነው። ዳልቻ ቀጫጭን እግሮቹን ባየች ቁጥር ዳጡ ትዝ ይላታል።

«ድንጋዩ ዘንድሮ ወደ ዳጡ ይሂድ» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ የሰማቻት ጀርባዋ ላይ ያለችው እንስራ ብቻ ናት።

«ለእኔ ምን ታንሾካሽኪያለሽ?» አለች እንስራ። «እኔማ ከተስማማሁ ቆየሁ። ስንት እህቶቼ እዚያ ገል ሆነው ቀርተዋል። ለጉባኤው ንገሪ እንጂ።»

«ጉባኤው መቼ ነው?»

«ጠዋት ነዋ።»

«ጠዋት እኛ የት ነን?»

«ምንጭ።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ፀሐይ ብቅ ስትል አውራ ዶሮው ሰገነቱ ላይ ወጥቶ «ሁላችሁም ኑ፣ ማንም እንዳይቀር» ብሎ ይጠራል። ከኮረብታው ጀርባ ግን ድምፁ አይሰማም። ሴቶቹ ውሃ ይዘው ሲመለሱ ጉባኤው ተበትኗል። «ጠርተናችሁ ቀራችሁ» ይባላሉ። ክፋት ታስቦበት አይደለም፤ የአውራ ዶሮው አባት የሚጠራው ጠዋት ነበር፣ አያቱም እንደዚያው።

ዳልቻ መጀመሪያ ዶሮን ላከች። ዶሮ ውሃ አትቀዳም፤ ጠዋት መንደር ነው የምትውለው።

«እቴ ዶሮ፣ የዳጡን ነገር ተናገሪልኝ።»

ዶሮ ሄደች። ስትመለስ ላባዋ አቧራ ለብሷል።

«ተናገርሽ?»

«‹ሴቶቹም ተወክለዋል ማለት ነው፣ ደስ ይላል› አሉኝ። ቀጥለው ‹በይ እንግዲህ መቀመጫውን ጫር ጫር አድርገሽ አጽጂልን› አሉኝ። ስጨርስ ጉባኤው አልቋል።»

«ድንጋዩስ?»

«ዘንድሮም ለበሬዎቹ አጥር ነው፤ በቁመቱ ተጨቃጭቀው ለሌላ ቀን ተቀጣጠሩ።»

በቀጠሮው ቀን ዳልቻና ቀዮ ገና ሳይነጋ ወረዱ። ቀድተው እየሮጡ ወጡ። ዳጡ ላይ ዳልቻን ሰኮናዋ ከዳት፤ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ የእንስራዋም ከንፈር ተሸረፈ። ቢሆንም ተነሥታ ሮጠች። ሲደርሱ ጉባኤው እየተበተነ ነው።

«ደረሳችሁ ልጆቼ?» አሉ አባ ቦራ፣ የጉባኤው ዳኛ፣ ትልቁ በሬ። «ውሃው ዛሬ ቀዝቃዛ ነው?»

«አባ ቦራ፣ ስለ ድንጋዩ ነበር የመጣነው።»

«እሱማ አለቀ እኮ። የአጥሩን ቁመት ተስማምተናል፤ በሩ ወዴት ይዙር የሚለው ብቻ ቀረን። ነገ እሱን ጨርሰን ድንጋዩ ይነሣል። እናንተ አትጨነቁ፣ ለእናንተም አስበናል።»

«ምን አሰባችሁልን?»

አባ ቦራ ትንሽ አሰቡ። «አጥሩ ያምራል» አሉ። «ስታልፉ ታዩታላችሁ።»

«ስናልፍ እናየዋለን» ብላ እንስራ በተሸረፈ ከንፈሯ ስትደግመው ቀዮ እንኳ ሳቀች። ዳልቻ ግን አልሳቀችም። እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ በቀጥታ ወደ አውራ ዶሮው ሰገነት ሄደች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲጠሩ የሚቀር የለም አሉ?»

«ምን ጥርጥር አለው» ብሎ አውራ ዶሮው ደረቱን ነፋ።

«እኔ ግን ሲጠሩ ሰምቼዎት አላውቅም።»

አንገቱ ቀጥ አለ። «ምን አልሽ?»

«እትዬ ቀዮም አልሰማችም፤ ፍየሏም። ጠዋት ምንጭ ነን፤ ድምፅዎ እዚያ አይደርስም። ከሰዓት በኋላ ግን ሁላችንም መንደር ነን። ‹አውራ ዶሮው ሲጠራ ግማሽ አገር ይቀራል› ተብሎ ቢወራብዎት እኔም ቅር ይለኛል።»

«ማነው የሚያወራው?»

«እስካሁን ማንም። እንስራ ግን አፏ ሰፊ ነው።»

እንስራ ጉሮሮዋን ጠረገች።

አውራ ዶሮው ሰገነቱ ላይ ዞር ዞር አለ። «አባቴ ከሰዓት በኋላ ጠርቶ አያውቅም» አለ።

«እንግዲያማ ከአባትዎ ጉባኤ የእርስዎ ይበልጣል።»

በማግስቱ ጠዋት አውራ ዶሮው ዝም አለ። በሬዎቹ «አሞት ይሆን?» ተባባሉ። ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ሴቶቹ ውሃቸውን አውርደው ትንፋሽ ሲሰበስቡ፣ አንገቱን ሰቅሎ ጠራ። ያን ቀን የቀረ ያለ አይመስልም ነበር። ቦታው ጠበበ።

አባ ቦራ «እንግዲህ የበሩ ነገር» ብለው ሲጀምሩ ዳልቻ ወደ ክምሩ ተራመደች።

«ከበሩ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። ወደ ድንጋዮቹ ዞረች። «እናንተን ማን ተሸክሞ አመጣችሁ?»

ድንጋዮቹ ጠያቂ አጥተው ነበርና ተሽቀዳደሙ።

«ዳልቻ።»

«ቀዮ።»

«እኔንም ዳልቻ፤ ያኔ እርጉዝ ነበረች።»

አንድ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ «እኔን አባ ቦራ ናቸው ያነሱኝ» አለ። በሬዎቹ ቀና ቀና አሉ። «መንገድ ላይ ደከማቸውና ጣሉኝ። ፍየሏ እያንከባለለች አደረሰችኝ።»

«ጥሩ» አሉ አባ ቦራ፣ ሳይቆጡ። «መሸከሙን ተሸክማችኋል። ጅብ የመጣ ሌሊት ግን ፊቱ ቆሞ የሚዋጋው ማነው? እኛ ነን። አጥር ስንጠይቅ ጥጋብ አይደለም።»

«እውነትዎን ነው» አለች ዳልቻ። «ጅብ አንዳንድ ሌሊት ይመጣል። እኛ ግን ምንጭ የምንወርደው በየቀኑ ነው። ጅቡ አምና ማንንም አልወሰደብንም፤ ዳጡ የእትዬ ቀዮን ጥጃ ወስዷል። እኔም ትናንት እዚያው ተንሸራትቼ ተንበርክኬያለሁ።»

ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሁሉም ግን ሰማ። ከኋላ አንድ አውራ በግ ሳቀ።

«እኔም ተንሸራትቻለሁ» አለች ፍየሏ። «ፍየል ሆኜ።»

በጉ ሳቁን ዋጠው።

«እኔንማ ታውቃላችሁ» አለች ቀዮ።

ዳልቻ ወደ አባ ቦራ ዞረች። «የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው። ድንጋዩ መጀመሪያ ወደ ዳጡ ይሂድና ደረጃ ይሁን። የተረፈው ወደ አጥሩ ይሂድ፤ እሱንም አብረን እንሸከማለን። ከዘንድሮ ወዲያ ደግሞ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት ይጠየቅ። ማን ይጠቀማል? ማን ይጎዳል? ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ?»

የአገሩ ልማድ እንዲህ ነው፤ ነገር ሲያከራክር ሁሉም ድንጋዩ እንዲሄድ ወደሚፈልግበት አቅጣጫ ሄዶ ይቆማል። ሴቶቹ በምንጩ በኩል ቆሙ። አውራ ዶሮው በጉባኤው ብዛት ኮርቶ ነበርና ወደ እነሱ ዘለለ። ጉራች የሚባለው ኮርማ፣ የዚያ የጠፋው ጥጃ አባት፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደና ከቀዮ ጎን ቆመ። በጉም ተከተለ። አባ ቦራ ከጥቂት ወይፈኖች ጋር በአጥሩ በኩል ቀሩ። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ።

«ውሃውን እኔም እጠጣለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ እያዘገሙም ተሻገሩ።

ድንጋዩ ወደ ዳጡ ሄደ። ተሸካሚው ብዙ ነበርና ሥራው አልቆየም። ውርንጭላው በደረጃው ላይ አንድ እግር፣ ደግሞ አንድ እግር እያለ ወረደ፤ ምንጩ ጋ ደርሶ እስኪበቃው ጠጣ።

እናንተም የምትሰሙኝ፣ ጉባኤ ስትጠሩ ማን እንዳልመጣ ሳታዩ «ሁሉም ተስማምቷል» አትበሉ። የእኔ ወግ ይኸው ነው፤ ጨው ካነሰው እናንተ ጨምሩበት።

ታዲያ የሚቀጥለው ጉባኤ የተጠራ ዕለት ዳልቻ ቶሎ አልደረሰችም። ከመንደሩ ዳር እማማ ግራጫ የሚሏት ዓይኗ የጠፋ አሮጊት በቅሎ ነበረች፤ ጥሪውን ትሰማለች፣ መንገዱን ግን አታይም። ዳልቻ ደጇ ድረስ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ጭራዋን በጥርሷ አስያዘቻት፣ ከዚያም ቀስ እያለች ወደ ጉባኤው መራቻት።