ውኃ የፈራ ሹሩባ

አንዲት ሴት ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ክረምት ጽኑ ትኩሳት ታመመች፤ ነፍሷስ ተረፈች፣ ጸጉሯ ግን እፍኝ እፍኝ እየሆነ ረገፈ።

ይርጋ፣ ፊትህን አታጨማድድ። «ስለ ሚስቴ ጠየቅሁት፣ እሱ ስለ ጸጉር ያወራልኛል» እያልህ ነው። ቄስ ስለ ሹሩባ ምን ያውቃል እንዳትለኝ ደግሞ፤ እኔን ያሳደጉኝ ስድስት እህቶች ናቸው። ዳዊት ከመድገሜ በፊት ጸጉር መክፈል ተምሬአለሁ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «መምሬ፣ በሰኔ ልጃችን በስድስት ወሯ እናቷ ሆድ ውስጥ ከሞተች ወዲህ፣ እኔና ጥሩወርቅ ስለ እሷ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ቤታችን ሰላም ነው፤ ከተናገርሁ ግን ይፈርስብኛል። ዝም ብል አይሻልም ወይ?» ነው ያልኸኝ። መልሱ ያለው ከዚህች ሴት ዘንድ ስለሆነ ትንሽ ታገሠኝ።

ሴትየዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ከራሷ ላይ ሻሽ አልወረደም። ሠርግ በሻሽ፣ ለቅሶ በሻሽ፣ ቤተ ክርስቲያንም ከላይ ነጠላ ከሥር ሻሽ። ሰው ሲስቅ ባየች ቁጥር በእሷ የሚስቅ ይመስላት ነበር። ቀስ እያለ ጸጉሯ መብቀል ጀመረ፤ በቀለ ስልህ ግን የጣት አንጓ ያህል ነው። ያን ጊዜ አንዲት ሹሩባ ሠሪ ዘንድ ሄደች።

ሹሩባ ሠሪዋ በዕድሜ የገፉ፣ ቃል የማያበዙ ሴት ናቸው። ገበያ የሚሸጠውን ቅጥያ ጸጉር፣ ዊግ የሚሉትን፣ ከዚያች አጭር ጸጉር ጋር እየገመዱ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ሠሩላት። ሲያልቅ ሹሩባው ትከሻዋን አልፎ ወረደ። ሴትየዋ መስተዋት ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ሹሩባ ሠሪዋም ሲያሰናብቷት «አደራ፣ ተንከባከቢው» አሏት። ሌላ ምንም አላሉም።

ያን ዕለት ሴትየዋ ሻሿን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በከተማው መሀል ሄደች። ነፋስ ማጅራቷን ሲነካት ራሱ እንግዳ ሆነባት። ያገኛት ሁሉ «እንዴት አምሮብሻል!» ይላታል። ደስታዋን ልነግርህ አልችልም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሰው መሀል ገባች ማለት ነው።

ስሕተቷ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። «ተንከባከቢው» የተባለችውን «አትንኪው» አድርጋ ያዘችው። ውኃ ከነካው ይፈታል፣ ሲፈታ ደግሞ ያቺን ገና የበቀለች ጸጉር ከሥሯ ነቅሎ ይዟት ይሄዳል ብላ አመነች። ማንም አልነገራትም፤ ከራሷ ፍርሃት የተማረችው ነው። ፊቷን ስትታጠብ እንኳ ራሷ ላይ ፌስታል ታስር ነበር። እንደዚያ ሆና አንድ ወር ሞላት።

ራስ ደግሞ ያልባል፣ አቧራም ይጠጣል። ይበላት ጀመር። ማከክ የለም፤ ሹሩባው ይበላሻላ! እህቶቼ ሲያደርጉት ያየሁትን አደረገች፤ ራሷን በመዳፏ ቸብ ቸብ። እሱ አልበቃ ሲላት የእስክሪብቶ ጫፍ በመስመሮቹ መሀል ትሰድዳለች። ጎረቤቶቿ «ቅባት አንሶት ነው» ሲሏት በእድፉ ላይ ቅባት ጨመረችበት። ቀጥሎ ሽታ መጣ። ሽታውን በሽቶ መታችው። ሽቶውና ላቡ ተጋብተው የወለዱትን እኔ ባልገልጸው ይሻላል።

መተዳደሪያዋ ስፌት ነው አላልሁህም? የሰው ልክ የሚወሰደው ተጠግቶ ነው። እሷ ግን ሰው እንዳያሸታት ሜትሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ከሩቅ ትለካ ጀመር። የምትሠራው ቀሚስ ሁሉ ሰው ላይ መንዘላዘል ያዘ። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ፣ አብሮ አደጓ ናት፣ የሠርግ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ በደስታ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ሴትየዋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሙሽራዋ እጇን እንደ ዘረጋች ቀረች። «ምን በደልሁሽ?» አለቻት። ሴትየዋ ሜትሯን መጠቅለል ያዘች። ሙሽራዋ ቀሚሷን ይዛ ወጣች፤ ሴትየዋ በሩን ዘግታ አለቀሰች።

በማግስቱ ሻሿን አውጥታ መልሳ አሰረችው። አየህ ነገሩን? ሻሽ ለመጣል ያሠራችውን ሹሩባ በሻሽ ሸፈነችው። እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ግን አዘንሁላት።

ሁለት ወር ከዐሥር ቀን ሲሆነው፣ አንድ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆማ ሻሿን ስታወርድ ግንባሯ ላይ ያለውን ሹሩባ አየች። ቋጠሮው ከራሷ ቆዳ ርቋል። መሀሉ ላይ የጥፍር ወርድ የሚያህል ክፍተት አለ። ሌላውን ዳሰሰች፤ ያም እንደዚያው። ሁሉም ላልቷል። «ለቀቀ» አለች። ጸጉሯ ከሥሩ እየተነቀለ፣ ያ በሽታ ተመልሶ እየመጣ መሰላት። ሰው ፊት ከሚወድቅብኝ እኔው ላስወርደው ብላ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ ወደ ሹሩባ ሠሪዋ ሄደች።

«እትዬ፣ ይፍቱልኝ» አለቻቸው። «አልቆልኛል።»

ሹሩባ ሠሪዋ ሻሹን አወረዱ፤ መስመሮቹን በጣታቸው ከፈት ከፈት አድርገው አዩ። አልተጸየፉም። «መቼ ነው የታጠብሽው?» አሏት።

«መታጠብ? እንዴት አድርጌ! እንዳይፈታብኝ ብዬ ጠብታ አላስነካሁትም።»

ሹሩባ ሠሪዋ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንሥተው ክዳኑን በመርፌ ሦስት ቦታ በሱ። ጥቂት ሻምፖ ጨመሩበት፣ የቀረውን ለብ ባለ ውኃ ሞሉና ናጡት። ሳፋ አቀረቡ። ልብስ ሰፊዋ ነገሩ ሲገባት እጃቸውን ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«ኧረ በማርያም! ውኃ ከነካው እኮ መላጣዬን ነው የምቀረው!»

«የቋጠርሁት እኔ ነኝ» አሉ ሹሩባ ሠሪዋ። «እጄን አውቀዋለሁ። ጎንበስ በይ።»

ጎንበስ አለች፤ ምን ምርጫ አላት? ሹሩባ ሠሪዋ በአንድ እጃቸው መስመሩን እየከፈሉ፣ በሌላው ጠርሙሱን እየጨመቁ፣ ውኃውን በሹሩባዎቹ መሀል አስገቡት። ጥፍራቸውን አላስነኳትም፤ በጣታቸው ሥጋ ብቻ ቀስ እያሉ አሹት። ርዝመቱን ደግሞ አላፈተጉትም፤ በጭብጣቸው ይዘው ከላይ ወደ ታች ጨመቅ እያደረጉ አወረዱት። ሳፋው ውስጥ የወረደው ውኃ ጭቃ ይመስል ነበር። ሴትየዋ ዓይኗን ስትገልጥ በውኃው ላይ የተንሳፈፈ ጸጉር አየች። ጥቁር፣ ረጃጅም፣ ብዙ።

«ይኸው! አላልሁም? ይኸው ረገፈ!» ብላ ጮኸች።

ሹሩባ ሠሪዋ ከሳፋው አንዷን ዘለላ አንሥተው ፊቷ ላይ ዘረጉላት። «ይህ ክንድ ሙሉ ነው» አሏት። «ያንቺ ጸጉር መቼ ክንድ ደረሰ? ከዊጉ የሚረግፍ ነው፤ ድሮም ይረግፋል።»

«ግንባሬ ላይ ያለው ክፍተትስ? ለቋል እኮ እትዬ!»

ሹሩባ ሠሪዋ የሴትየዋን ጣት ይዘው ከቋጠሮው ሥር፣ ያ ክፍተት ያለበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። «ዳብሺው» አሏት። «ይህ የማን ነው?»

ዳበሰችው። ለስላሳ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ የራሷ ጸጉር። ሳብ አደረገችው፤ አመማት፤ ይዟል።

«አልለቀቀም» አሉ ሹሩባ ሠሪዋ። «አድጎ ነው። ጸጉርሽ ከሥሩ ሲበቅል ቋጠሮዬን ገፍቶ አራቀው።»

ሴትየዋ እፎይ ያለችው እስከ ደጅ ድረስ ተሰማ። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። ሹሩባ ሠሪዋ በፎጣ አድርቀው ፀሐይ ላይ አስቀመጧት። «እርጥቡን እንዳታስሪው፤ የሚሸተው እርጥብ የታሰረ ነው። እስኪደርቅ እዚሁ ቁጭ በይ» አሏት። እዚያው እንደ ተቀመጠች እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ራሷ ሳይበላት ስትተኛ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! ስትነቃ ሹሩባው ደርቋል፣ አንዱም አልተፈታም። ሻሿን በእጇ እያወዛወዘች በቀጥታ ወደዚያች ሙሽራ ቤት ሄደች። በሩ ሲከፈትላት እጇን ዘርግታ ጠበቀች። እየሳቁና እየተላቀሱ ተቃቀፉ ይባላል፤ እኔ ባላይም አምናለሁ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

ቤትህን አውቀዋለሁ፣ አገሩ ሁሉ ያወድሰዋል። «እባክህ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»፣ «አንተ ቅደም»፣ «አንቺ ቅደሚ»። ባልና ሚስት መሆናችሁ ቀርቶ እንግዶች መስላችኋል። ያ ሽቶው ነው። አንተም ከሰኔ ወዲህ አንድ ቅዳሴ፣ አንድ ሠርክ አምልጦህ አያውቅም። እኔ ሞኙ «ይርጋ በረታ» እያልሁ በልቤ ስመርቅህ ነበር። ለካ ከቤትህ እየሸሸህ ነው! ልጄ፣ ያንተ ሻሽ ይህ ደብር ነው። አትቀየመኝ፤ እዚህ መምጣትህን ጠልቼ አይደለም፣ ሸሽተህ መምጣትህ አሳዝኖኝ ነው።

ትናንት ያየኸውንም ነግረኸኛል። የሕፃን ልብስ ያለባት ያቺ ካርቶን፣ ሰባት ወር ሙሉ አልጋ ሥር ተገፍታ የኖረችው፣ ጥሩወርቅ ከፍታት ተቀምጣ አገኘሃት። አንተ ስትገባ ዘጋቻት። «መምሬ፣ በመካከላችን ክፍተት ተፈጥሯል፣ ልትለየኝ ነው» አልኸኝ። እንዴት አወቅህ? ዳሰስኸው? እኔ እንደሚመስለኝ ሚስትህ እየተሻላት ነው። ያቺን ካርቶን መክፈት የቻለች ሴት ከውስጧ የበቀለ ነገር አለ። የዘጋቻትም አንተ እንዳትሰበርባት ፈርታ ይሆናል። እሷም እንዳንተ ፌስታል አስራ ነው ፊቷን የምትታጠበው።

እንግዲህ መልሴ «እጠበው» ነው። ቋጠሮውን አትፍራለት። ሁለታችሁን ተክሊል ደፍቼ የቋጠርኋችሁ እኔ ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ። እጄን አውቀዋለሁ።

ግን አደራ፣ በጥፍር እንዳይሆን። «ለምን ከባድ ነገር አነሣሽ? ለምን ቶሎ ሐኪም ቤት አልሄድሽም?» ብለህ ከጀመርህ ቆዳዋን ትልጣታለህ። በጥቂት በጥቂቱ፣ መጀመሪያ ያንተን ኀዘን ንገራት። ብታለቅስ፣ ብትቆጣህም እንኳ አትደንግጥ፤ የሰባት ወር እድፍ ሲወርድ እንደዚያ ነው። ካበቃችሁ በኋላ ደግሞ እርጥቡን አትሰረው። ተናግረህ ስትጨርስ ብድግ ብለህ ወደዚህ እንዳትሮጥብኝ። እስኪደርቅ አጠገቧ ቁጭ በል።

ፈራህ? እንግዲያው እዚሁ በአንድ ጠብታ እንጀምር። ልጅቷን ማን ልትሏት ነበር?

ማን?

ጮክ በል ልጄ፣ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።

አደይ። አዎ፣ በመስከረም ነበር የምትወለደው። አደይ። እንዴት ያለ ስም ነው ያወጣችሁላት! አልቅስ፣ ግድ የለም። እንካ፣ በጋቢዬ ጫፍ ጥረገው።

ከሰኔ ወዲህ ስሟን ስትጠራ ዛሬ ገና ነው። እስቲ አሁን ራስህን ዳብስ፤ የተፈታ ነገር አለ?

የለም አይደል? በል ተነሥ፣ ወደ ቤትህ ሂድ። የዛሬውን ሠርክ እኔ እጸልይልሃለሁ።