ነጎድጓድ ሲመጣ የተነቀለው ገመድ

በአንድ ወቅት፣ ጎርፍ ድልድይ በወሰደበት ክረምት፣ በአንዲት የቆላ ከተማ ማስረሻ፣ ደርበውና ትርንጎ የሚባሉ የአንድ እናት ልጆች ይኖሩ ነበር። ማስረሻ ታላቅ ነው፤ ትርንጎ የሁሉም ታናሽ ናት። እናታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ለሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር እየጻፈች ለብቻዋ አሳደገቻቸው። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነበር። ቫይረስ ሲያስቸግራት ማስረሻ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነላት።

ዘርፌ በልጆቿ ላይ ብዙ አትቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ሳትሰለች ትናገር ነበር። «ነጎድጓድ ሲመጣ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀሉ። መብረቅ በገመድ ይገባል።»

በዚያ ክረምት ልቧን ታመመችና ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሄደች። እህቷ የሺወርቅ አብራት ነበረች። ልጆቿ ሊከተሏት ሲሰናዱ ድልድዩ ፈረሰ፤ የስልኩም ማማ በዚያው ዝናብ ወደቀ። ከእሷ ጋር የሚያገናኛቸው የቀረው በመሬት ውስጥ አልፎ ወደ ዘርፌ ክፍል የሚገባው የኢንተርኔት ገመድ ብቻ ነው። የሕክምናዋ ቀን ሲቆረጥ በዚያው ገመድ በኩል መልእክት ላከችላቸው። «ከመግባቴ በፊት ፊታችሁን ልይ። ጠዋት ጠብቁኝ።»

በሕክምናዋ ዕለት ጠዋት ሰማዩ አጉረመረመ። ትርንጎ ደንግጣ ሮጠች። የገመዱን መቆለፊያ ሳትጫን በኃይል ጎተተችው፤ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ነጎድጓዱ ሲያልፍ መልሳ ሰካችው። ኮምፒውተሩ ግን ገመድ መኖሩንም አላወቀ።

ማስረሻ ተቀመጠና ኮምፒውተሩ በውስጡ ያሉትን ዕቃዎች እንዲዘረዝርለት አዘዘው። ሁሉም ተዘረዘሩ። ገመዱ የሚሰካበት የኔትወርክ ካርድ የለም። «ሶፍትዌሩ አይደለም» አለ። «ካርዱን ራሱን አያየውም።» ሽፋኑን ፈትቶ ካርዱን አወጣ፤ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውን የካርዱን እግር በላጲስ ጠርጎ መልሶ ሰካው። አሁንም የለም። ወደ ብርሃን አስጠግቶ ሲያየው ተሰንጥቋል። «ሞቷል። ሌላ ካርድ ያስፈልጋል፤ እዚህ ከተማ ደግሞ አይገኝም።»

ደርበው «ማዶ አለ» አለና ሸሚዙን አወለቀ። ከወንዙ ማዶ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛ ነበረው።

«ወንዙ ሞልቷል እኮ፣ አንተ ሰው!» አለው ማስረሻ።

«እሱ ቢሞላ እኔ መች ጎደልኩ!» ብሎ ቀለደና ወጣ። ዋኝቶ ተሻገረ። ሲመለስ ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ አናቱ ላይ አስሮ ነበር። ወንዙ መሃል ላይ ጎርፉ ያመጣው ግንድ ትከሻውን መታው። ካርዱ ጠብታ አልነካውም። የደርበው ቀኝ ክንድ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከደረቱ በላይ አይነሳም።

ትርንጎ ለማንም ሳትናገር ተራራውን ወጣች። ከጫፉ ላይ የሩቅ ከተማ ኔትወርክ አንዳንዴ ብቅ ይላል ይባላል። በጭቃው እየተንሸራተተች ደረሰች። ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ እናቷ ዘንድ ስትደውል ቆየችና አንድ ጊዜ ያዘላት። «እማዬ፣ እንዳትገቢ! ጠብቂን!» አለች። ድምፁ ወዲያው ተቆረጠ። እናቷ ትስማ አትስማ አላወቀችም፤ እያለቀሰች ወረደች። ዘርፌ ግን ሰምታ ነበር። ሐኪሙን ለምና ተራዋን ወደ ከሰዓት አስዛወረች።

ደርበው እንደደረሰ ማስረሻ ካርዱን ሰካው። አሁን ከዕቃዎቹ ጋር ተዘረዘረ፤ ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም። ሊኑክሱ ለአዲሱ ካርድ ሌላ ስም አውጥቶለታል፤ ቀድሞ የተጻፈለት ትእዛዝ አሁንም የሞተውን ካርድ ይጠራል። ይህን የሚያውቅ በከተማዋ ማስረሻ ብቻ ነበር። የሞተውን ስም ሰርዞ የአዲሱን ጻፈ። የካርዱ አረንጓዴ መብራት በራች።

ዘርፌ የሆስፒታል አልጋ ላይ ተቀምጣ በኮምፒውተሩ ታየች።

«ደርበው፣ ምነው ረጠብክ?»

«ዝናብ ነው፣ እማዬ።»

«እንዲህ ሆነህ ሰው ፊት ትቀርባለህ? ማስረሻ፣ ደረቅ ልብስ ስጠው።» ሳቀችና ሳል አቋረጣት። «ነጎድጓድ ነበር አሉ። ገመዱን ነቀላችሁ?»

«እኔ ነቀልኩት» አለች ትርንጎ።

«ጎበዝ የኔ ልጅ።»

ነርሷ መጣች። ዘርፌ የብር ቀለበቷን አውልቃ ለየሺወርቅ ሰጠች። «ዛሬ ከልጆቼ ጋር ላገናኘኝ ልጄ ስጪልኝ። ማን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።» እጇን አውለበለበች። ከገባችበት ክፍል በሕይወት አልወጣችም።

አርባዋ ሲወጣ የሺወርቅ ቀለበቱን ይዛ መጣች፤ ዘርፌ የትርንጎን ጥሪ ሰምታ ተራዋን ማዛወሯንና አደራዋንም ነገረቻቸው።

«እኔ ባላውቅበት ካርዱ ብረት ነበር» አለ ማስረሻ።

«ብረቱ ባይመጣ እውቀትህን በምን ትሰካው ነበር?» አለ ደርበው።

«ጋሼ፣ ጠዋት ገብታ ቢሆን ኖሮ እኮ ማናችንንም አታይም ነበር» አለች ትርንጎ በቀስታ።

ማስረሻ ዞረባት። «አንቺ ባትሰብሪው ማን ይጠብቅ ነበር? ደግሞስ በጠዋቱ ብትገባ…»

አልጨረሰውም። ደርበው በደህናው እጁ አፉን ያዘው። የየሺወርቅ ዓይኖች እንባ ሞሉ። በጠዋቱ ብትገባ ትተርፍ ነበር ወይ ብሎ ሐኪሙን የጠየቀ የለም፤ አሁንም ማንም አይጠይቅም።

ያኔ ሰማዩ አጉረመረመ። ሁሉም ገመዱን አዩ፤ የተነሳ ግን የለም። በመጨረሻ ትርንጎ ተነሳች። መቆለፊያውን ተጭና፣ የተኛ ሕፃን እንደምትነካ ሁሉ፣ ገመዱን ቀስ አድርጋ ነቀለችው።

የሺወርቅ ቀለበቱን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እስካሁን እዚያው አለ፤ ማንም ጣቱን አላስገባበትም።

እንግዲህ ተከራከሩበት። አንዱ የሞተውን ካርድ ለይቶ አዲሱን በስሙ ጠራው። አንዱ ክንዱን ለወንዝ ሰጠ። አንዷ በእናቷ ቃል ገመዱን ነቅላ ካርዱን ሰበረች፤ እናቷንም እስኪገናኙ አስጠበቀቻት። የዘርፌ ቀለበት የሚገባው ለማን ነው?