ባላባቱና የሟሟው አሞሌ

አንድ ባላባት ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጠኝ! ጥያቄህን አልረሳሁትም። «የኔታ፣ ገበያው ቀዝቅዟል፤ እኔም ሹሙ እንደ ሰዉ ወጪዬን ልቀንስ? ወይስ የጀመርኩትን መንገድ ላሠራ?» ነው ያልከኝ።

ባላባቱ ትልቅ ገበያ ያለበት አገር ይገዛ ነበር። መገበያያቸው አሞሌ ጨው ነው። አንድ ዓመት አንበጣ መጣ የሚል ወሬ ተነዛ። አንበጣው በሌላ አገር አልፎ ሄደ፤ ፍርሃቱ ግን ቀረ። ገበሬው «ዘንድሮስ በአሮጌው ጋቢዬ እከርማለሁ» አለ። ገዢ ያጣው ሸማኔ ማሰሮ መግዛት ተወ። ማሰሮዋ ያልተሸጠላት ሸክላ ሠሪ ደግሞ እህል መሸመት ተወች። ገበሬውም እህሉን ወደ ቤቱ መልሶ፣ «አላልኩም? ክፉ ዘመን መጣ!» እያለ ይባስ ቋጠረ። ሞኞች እኮ አልነበሩም፤ እያንዳንዱ ለቤቱ ያሰበው ልክ ነበር። ባላባቱም ብልህ የሆነ መስሎት ግንበኞቹን አሰናብቶ አሞሌ ያከማቸበትን ዕቃ ቤት ቆለፈ።

አንድ ቀን ሸማኔው ጓዙን በአህያ ጭኖ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ሊሰናበተው መጣ።

«ምነው፣ ረኃብ ሳይገባ ትሰደዳለህ?» አለው ባላባቱ።

«ጌታዬ፣ ጥጥ አለኝ፣ እጅ አለኝ፤ የሚገዛኝ ነው ያጣሁት። ልጆቼ ጥጥ አይበሉም!»

ባላባቱ አዘነ። የመንገድ ስንቅ የሚሆነው ጥቂት አሞሌ ሊሰጠው ዕቃ ቤቱን ቢያስከፍት፣ የታችኛው ድርድር በእርጥበት ሟሙቶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ለክፉ ቀን ያለው ጨው ክፉው ቀን መጥቶም ተቆልፎበት ያልቃል! ባላባቱ በጣም አፈረ።

«አህያህን አራግፍ» አለው ሸማኔውን።

በነጋታው አዋጅ አስነገረ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው በሚወስደው ወንዝ ላይ ድልድይ ለሚሠራ ሁሉ አሞሌ ይከፈለዋል። ድንጋይ የተሸከመው ሰው ማሰሮ ገዛ። ሸክላ ሠሪዋ እህል ሸመተች። ገበሬውም ገበያው ሲሞቅ አይቶ አዲስ ጋቢ አዘዘ፤ ሸማኔውም ሥራው ላይ ተቀመጠ። ደጉ ዘመን ሲመለስ ባላባቱ ከገበያው ቀረጥ ሰብስቦ፣ ሳይደግስ ሳይዘፍን፣ ዕቃ ቤቱን መልሶ ሞላ።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ሁሉ በፍርሃት እጁን ሲሰበስብ አንድ የሚዘረጋ እጅ ያስፈልጋል። ገበሬውን ዘርጋ ብትለው አይሰማህም፤ ልጆች አሉታ! ያ እጅ የሹሙ ነው። ሂድና መንገዱን አሠራ።

ግን ባላባቱ በሩን ሲከፍት ከሟሟው የተረፈ ነበረው። አንተ በደጉ ዓመት ስትደግስ ከርመሃል አሉ። የአንተ ዕቃ ቤት ሲከፈት ምን ይገኝበት ይሆን?