በሳሙናው ውስጥ ያለው

ወይዘሮ አስካለ ሠላሳ ዓመት በመድኃኒት ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን የጎረቤታቸው ልጅ ምንታምር ሁለት የፊት መታጠቢያ ጠርሙሶች ይዛ መጣችና፣ «እትዬ፣ ፊቴ ቅባት እየበዛበት ተቸገርኩ። ከነዚህ ከሁለቱ ብርቱው የትኛው ነው?» አለቻቸው። ወይዘሮ አስካለ ጠርሙሶቹን ገልብጠው ከጀርባቸው በደቃቁ የተጻፈውን ማንበብ ጀመሩ። ልጅቷ ትዕግሥት አጣች። «ፊት ለፊቱ ላይ ‹ለቅባታም ቆዳ› ይላል እኮ። ውስጡ ያለውን ማወቅ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» ስትል ጠየቀች። እሳቸውም መነጽራቸውን አወለቁና እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ሳሙና ሠሪ ነበረ። የሚኖረው ቆላ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ ነው። ሙያውን ከአባቱ ተምሯል፤ አባቱም ከአባቱ። ሞራ ያቀልጣል፣ የጉሎ ዘይት ይጨምርበታል፣ አመድ ዘፍዝፎ ያጠለለውን ውሃ ያፈስበታል፣ ሲረጋ ሳንቃ ላይ ይቆርጠዋል። የአመዱ ውሃ ብቻውን እጅ የሚልጥ ነገር ነው፤ ከቅባት ጋር ሲዋሃድ ግን ሳሙና ይሆናል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሚዛን አያጎድልም፣ የተበላሸ ሞራ አይቀላቅልም። አንድ ደንብ ብቻ ነበረው፤ በሳሙናው ውስጥ ምን እንዳለ ለማንም አይናገርም። አባቱ ሲሞት አደራ ያለው ይህንን ነበር።

በዚያች ከተማ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ጠዋት ፊቷን ታጥባ ትወጣለች፤ ቀትር ላይ ግንባሯና አፍንጫዋ ዘይት የተቀባ ይመስላል። ጉንጯ ላይም ብጉር አያጣትም። አንድ ቀን አንዲት ገዢ እየሳቀች፣ «ነጩን ጨርቅ እንኳ ባትነኪው ጥሩ ነው፤ ከፊትሽ ይንጠባጠብበታል» አለቻት። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሴትየዋም አብራ ሳቀች፤ ነገሩ ግን ውስጧ ቀረ።

ማግስቱን ወደ ሳሙና ሠሪው ሄደች። «ጋሼ፣ ብርቱ ሳሙና ይስጡኝ። ይህን ቅባት ከሥሩ የሚነቅል» አለችው።

«ሞልቷል» አላት። ለሷ ብሎ የአመዱን ውሃ ጨመር አድርጎ ሠራላት።

በመጀመሪያው ቀን ደስ አላት። ፊቷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ጣቷን ብታሳልፍበት አንድም ቅባት አልነካትም። ቀትር ላይ ግን ወዙ ተመለሰ፤ ቅባቱ ከውስጥ የሚመነጭ ነውና። ስለዚህ ቀትር ላይም ታጠበች። ማታም ታጠበች። ሳምንት ሳይሞላ ቆዳዋ በአፍንጫዋ ዳርና ዳር እየተቀረፈ መነሳት ጀመረ። ግንባሯ ግን አሁንም ያበራል። «ሳሙናው አልበረታም ማለት ነው» ብላ አሰበች፤ ተመልሳም ይህንኑ ነገረችው።

ሳሙና ሠሪው በቀን ስንት ጊዜ እንደምትታጠብ አልጠየቃትም። የአመዱን ውሃ እንደገና ጨመረ። ከሳሙናው ጋር አረቄና ሎሚ የተቀላቀለበት ትንሽ ጠርሙስ ሰጣትና፣ «ከታጠብሽ በኋላ በዚህ ጥረጊው» አላት።

«ያቃጥላል?» አለችው።

«ካላቃጠለ ምኑን ሠራ?» አላት።

በአራተኛው ቀን ፊቷ ቀላ፣ አበጠ፣ ከዚያም ተሰነጠቀ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወደ ሠሪው ቤት መጣች። አልጮኸችበትም። ሰውየው የሰጣት የለመነችውን ነውና ጥፋቱን የራሷ አድርጋው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ሳሙናው ውስጥ ምን ነበረበት?»

«ልጄ፣ ይህ የሙያ ነገር ነው። አባቴ ለእናቴም አልነገራት።»

«ሳሙና ልሠራበት አይደለም እኮ። ወደፊት ከምን መራቅ እንዳለብኝ እንዳውቅ ነው።»

ሰውየው ከመደርደሪያው ሌላ ሳሙና አነሳና፣ «በይ ይህኛውን ሞክሪ» አላት።

«ይህኛው ውስጥስ ምን አለ?»

እሱ መደርደሪያው ላይ የቀሩትን ሳሙናዎች ማስተካከል ጀመረ። ሴትየዋ ሳሙናውን ሳንቃው ላይ መልሳ አስቀምጣ ወጣች።

በሚቀጥለው ገበያ ነጠላዋ ሲንሸራተት አንድ ሰው ፊቷን አየ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ብዙ መንገድ አልፈጀበትም። የሚጋባ በሽታ ይዟታል ተባለ። ሰው ጨርቋን በሩቅ አይቶ ያልፍ ጀመር። ልጆቿን ከጎረቤት ልጆች ጋር እንዳይጫወቱ ከለከሏቸው። ሦስተኛው ገበያ ሲቆም እሷ አልመጣችም፤ ቦታዋ ባዶውን ዋለ። ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። በማን ሳሙና እንደታጠበች ለማንም አልተናገረችም።

ሳሙና ሠሪው ይህን የሰማው ከአንድ ደንበኛው ነው። ደንበኛው ወደ ሱቁ ገብቶ፣ «ያቺ ጨርቅ ሻጭ የሚጋባ በሽታ ይዟት ተዘግታ ተቀመጠች አሉ። እኔ ደግሞ ባለፈው ጨርቋን ነክቻለሁ። ደግነቱ ያንተ ሳሙና ያጠራል፤ ሁለት ስጠኝ፣ እጄን ልታጠብበት» አለው።

ሰውየው ሁለት ሳሙና ጠቅልሎ ሰጠው። ደንበኛው ከሄደ በኋላ ሥራውን ትቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አርባ ዓመት ሳሙና ሠርቷል፤ የሸጠውን ግን አንድም ቀን በገዛ ፊቱ ላይ አልሞከረውም። ለሴትየዋ ከሠራው የተረፈ ቁራጭ ነበረ። ተነሳና በሱ ታጠበ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ታጠበ፤ ከዚያም በአረቄው ጠረገ። በሦስተኛው ቀን ላብ ፊቱ ላይ ሲወርድ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አፉን ከፍቶ መጉረስ ከበደው። ሚስቱ፣ «አብደሃል እንዴ? ተው በቃህ» ብትለው፣ «እሷ ከዚህ የበለጠ ታግሳለች» አላት።

የገበያው ቀን ሲደርስ ማሰሮዎቹንና ብልቃጦቹን በአህያ ጭኖ ወጣ። ወደ ራሱ ቦታ አልሄደም። በሴትየዋ ባዶ ቦታ ላይ ሰሌን አነጠፈና ሁሉንም ደረደረበት። ሰው ከበበው።

«ዛሬ እዚህ ነው እንዴ የምትሸጠው?» አሉት።

«ዛሬ አልሸጥም» አለና ፊቱን የሸፈነበትን ሻሽ አነሳ። የከበበው ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አትሽሹ» አላቸው። «በሽታ አይደለም። እዚህ ትቀመጥ የነበረችውም ሴት በሽታ የለባትም። እሷንም እኔንም ያቆሰለን የኔ ሳሙና ነው። ስትጠይቀኝ አልነገርኳትም። እባካችሁ አንዳችሁ ሄዳችሁ ጥሩልኝ፤ አሁን ልንገራት።»

ጥቂት ቆይታ መጣች። ተከናንባ ነው የመጣችው፤ ፊቱን ስታይ ግን ነጠላዋን ለቀቀችው። ሰውየው ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ እየነካ አባቱ አደራ ያለውን ሁሉ በገበያ መካከል ተናገረ።

«ይህ ሞራ ነው፤ ሳሙናውን ያጠነክረዋል። ይህ የጉሎ ዘይት ነው፤ ያለሰልሳል፣ አረፋም ይሰጣል። ይህ የአመድ ውሃ ነው። በልኩ ሲሆን ከቅባት ጋር ተዋህዶ ሳሙና ይሆናል፤ ሲበዛ ግን ትርፉ ቆዳውን ራሱን ይበላል። ብርቱ ስጠኝ ባልሽኝ ቁጥር የጨመርኩልሽ ይህንን ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው አረቄና ሎሚ ነው፤ በተላጠ ቆዳ ላይ እሳት ነው።»

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አነሳች። «ይህቺስ?»

«ሽቶ ናት።»

«ምን ትሠራለች?»

«መዓዛ ትሰጣለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሥራ የላትም።»

«ከምን ነው የተሠራችው?»

«አላውቀውም» አለ ሰውየው። «ከወደብ የሚመጣ ነጋዴ ነው የሚያመጣልኝ። አንድ ጊዜ ጠይቄው የሙያ ነገር ነው አለኝ። እኔም ተውኩት።»

አንዳንዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ብልቃጧን ከሌሎቹ ለይታ ሰሌኑ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት።

«እንግዲያው ለኔ ሲሠሩልኝ እሷን ይተዉልኝ» አለችው። «የአመዱን ውሃ ይቀንሱ። የጉሎውን ዘይት ጨመር ያድርጉ። አረቄውን አልፈልገውም። ቅባቱ ትንሽ ቢተርፍ ይትረፍ፤ ፊት ይኑረኝ።»

ፊቷ እስኪድን ሁለት ወር ያህል ፈጀ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በውሃ ብቻ ነበር የምትታጠበው። ቁስሉ ሲጠግግ በአዲሱ ሳሙና ጠዋትና ማታ መታጠብ ጀመረች። ብጉሩ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ቀትር ላይ ግንባሯ አሁንም ያበራል፤ በመሀረብ ጠረግ አድርጋ ጨርቋን ትሸጣለች። ከገዢዎቿ አብዛኞቹ በዚያው ወር ተመለሱ። ጥቂቶቹ ዓመት ፈጀባቸው። ያቺ የሳቀችባት ሴት ግን እስከ መጨረሻው ሌላ ዘንድ ነው የገዛችው።

ሳሙና ሠሪውም ደንበኞች አጣ። ከወንዙ ማዶ አንድ ሌላ ሠሪ ነበረ፤ ሳሙናው ከሩቅ የሚሸት፣ ስለ ውስጡም አንድ ቃል የማይተነፍስ። ብዙ ሰው ወደሱ ተሻገረ። ይህኛው ግን ከዚያ ወዲያ ደንቡን ለወጠ። ብርቱ ሳሙና ስጠኝ የሚል ሰው ሲመጣ፣ «በቀን ስንት ጊዜ ትታጠባለህ? ቆዳህስ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ማሰሮውን ከፍቶ ያሳያል። አንዳንዱ፣ «ጊዜ የለኝም» ብሎ ይሄዳል። የቀረው ግን የሚወስደውን አውቆ ይወስዳል።

ወይዘሮ አስካለ ይህን ተናግረው ወደ ምንታምር ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሰውየው ያን ቀን ፊቱን አቁስሎ በገበያ የተናገረው ነገር ላንቺ እዚህ ጠርሙስ ጀርባ ላይ ተጽፎልሻል። ማንንም መለመን አያስፈልግሽም፤ ማገላበጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተጻፉት ስሞች በብዛት ያሉት ናቸው። ከላይ ካሉት መካከል ተራውን አልኮል ካገኘሽ፣ እሱ ያ አረቄ ነው። ሽቶ የሚል ቃል ካየሽ ደግሞ ያቺ ብልቃጥ ናት፤ ለፊትሽ የምትሠራው የለም፣ ከምን እንደተሠራችም አይነግሩሽም። ግሊሰሪን ሲል ቆዳሽ ውሃውን እንዳያጣ የሚረዳ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ ሲል የተደፈነውን ቀዳዳ የሚከፍት ነው፤ ላንቺ ዓይነት ፊት ይሆናል፣ እሱም ግን በልኩ ነው። የማታውቂው ስም ሲገጥምሽ ጠይቂ። የጠየቅሽው ሰው ካላወቀም አላውቅም ይበልሽ።»

ምንታምር ጠርሙሶቹን ተቀብላ ጀርባቸውን ገልብጣ አየች።

«አንቺ ግን» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ «ስትገቢ የጠየቅሽኝ ‹ብርቱው የትኛው ነው› ብለሽ ነው። ያቺም ሴት የጠየቀችው ይህንኑ ነበር፤ የተሰጣትም የጠየቀችው ነው። በይ አሁን ጥያቄሽን ቀይሪና መልሰሽ ጠይቂኝ።»