ሸለምጥማጥ የታቀፈው እንቁላል

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። አያቴ የአገሩን ስም ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ረሳሁት። ብቻ እዚያ አገር ገብስማ የምትባል ዶሮ ነበረች። ቁጥቋጦ ሥር ጭድ ላይ ተኝታ አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋለች። አሥራ ሦስት ነው እንዴ? አንቺ ትርንጎ፣ አትሳቂብኝ! አሥራ አንድ ነው።

ገብስማ ጠዋት ጠዋት ለአንድ አፍታ ትነሳለች። ጥሬ ለቃቅማ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ጤዛ ባለው ሣር ውስጥ ሆዷን አርሳ ቶሎ ትመለሳለች። አንድ ቀን እንዲሁ ሄዳ ብትመለስ ባዶ ጭድ ጠበቃት። ለካ ያ የዶሮ ጠላት ሸለምጥማጥ እንቁላሎቹን በአፉ እያመላለሰ እዚያው አጠገብ ያለ ጎሬው ውስጥ ከቷቸዋል።

«ለምን አልበላቸውም?» ትሉኛላችሁ። ሆዳም ስለሆነ ነዋ! ሰዎች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ ሰምቷል። «ዛሬ ብበላው አንድ ጉንጭ አይሞላም፤ በእግሩ ሲሄድ ብበላው ግን አሥራ አንድ ዶሮ ነው!» አለና ቁጭ አለባቸው።

ገብስማ ከጎሬው በላይ ያለ ዛፍ ላይ ወጥታ አለቀሰች። እንዳትነጥቀው አቅም የላትም፤ ትታ እንዳትሄድ ልጆቿ ቅርፊት ውስጥ እንዳሉ ያልቃሉ። ሸለምጥማጥ ቀና ብሎ ሲያያት ምራቁን ዋጠና ሊዘልባት ተነሳ።

«ተው አያ ሸለምጥማጥ፣ ይበርዳል!» አለችው።

«ምኑ?»

«እንቁላሉ ነዋ! ከበረደ በእግሩ አይሄድም።»

ደንግጦ ተመልሶ ቁጭ አለ። እንዳይበርድ ብሎም ቅጠሉን፣ ጭዱን፣ የበግ ጸጉሩን ሁሉ ከመረበት። ላብ በላብ ሆነ።

«ወይኔ ልጆቼን! ቀቀልካቸው!» ብላ ጮኸች። ገላለጠው። ራቅ ብሎ ተኛ። «አሁን ደግሞ አበረድካቸው!»

ሸለምጥማጥ ግራ ገባው። «ኧረ በፈጠረሽ እመት ገብስማ፣ ሙቀት ነው ወይስ ብርድ?»

«ይሙቅ፣ ግን አይጋል። አንዱን አንስተህ የዓይንህ ቆብ ላይ አስጠጋው። ለዓይንህ ከተስማማ ለእነሱም ይስማማል። ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ገልብጣቸው።»

እሺ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ እንቁላል ሲያስጠጋ፣ ሲገለብጥ ሰነበተ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ።

«ደረቁብህ!» አለችው። «ከቅርፊቱ ሥር ስስ ቆዳ አለ። እሱ ከደረቀ ጫጩቱ ላይ ተጣብቆ መውጫ ያሳጣዋል።»

ወንዝ ወርዶ አፉን ሞልቶ መጣና አንዱ ላይ እንትፍ አለበት።

«አሰመጥከው!»

«ኧረ ጉድ! እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?»

«ይርጠብ፣ ግን አይበስብስ። ጠዋት ጠዋት ሄደህ ሆድህን በጤዛ አርስና ቶሎ ተመለስ። ከዘገየህ…»

«አውቃለሁ፣ ይበርዳል!»

እሱ ጤዛ ሲፈልግ ገብስማ ሹልክ ብላ ትወርድና እንቁላሎቹ ላይ አጎንብሳ «ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ እዚህ ነኝ ልጆቼ» ትላቸዋለች። ኮቴውን ስትሰማ ዛፏ ላይ ናት። እሱ ምስኪን ማደን ቀረበት። መንገድ ላይ ያገኘውን ጥንዚዛ እየቃመ ይመለሳል። ምስኪን አልኩ እንዴ? ሌባ ነው፣ ምን ምስኪን አለው!

እንቁላሎቹ መታቀፍ ከጀመሩ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠራችው። «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትገለብጥ። እርጥበቱን ግን ጨምር።»

ሸለምጥማጥ እንባው መጣ። «ትናንት ገልብጥ፣ ዛሬ አትገልብጥ! ትናንት አታበስብስ፣ ዛሬ እርጥበት ጨምር! ይሙቅ ግን አይጋል! ሴትዮ፣ ልታሳብጂኝ ነው?»

«ማን ስረቅ አለህ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ሳወራው ይምታታብኛል። እሱማ ጎድኑ እስኪቆጠር ከስቶ፣ ቆሞም ተኝቶም «ይሙቅ፣ አይጋል፤ ይርጠብ፣ አይበስብስ» እያለ ይለፈልፍ ነበር።

በሃያ አንደኛው ቀን ሆዱ ሥር ጭው፣ ጭው የሚል ድምፅ ሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ አሥሩ ተፈለፈሉ። አንዱ፣ ያ ውሃ የተተፋበት መሰለኝ፣ ቀረ። ሸለምጥማጥ ወዲያው መብላት ይችል ነበር እኮ! ግን «በእግራቸው ይሂዱ እንጂ! ያን ያህል የለፋሁት ለዚህ አይደል?» ብሎ ላባቸው እስኪደርቅ አቅፎ ጠበቃቸው።

ቆሙ። ተራመዱ። ይሄኔ ገብስማ ወርዳ ከሜዳው «ቋ፣ ቋ፣ ቋ!» አለች። ጫጩቶቹ ድምፁን ያውቁታል፤ ቅርፊት ውስጥ ሆነው ሰምተውታል። በጀርባው ላይ እየተረማመዱ ግር ብለው ወጡ። ሊዘል ቢነሳ እግሩ ደንዝዟል። «እግሬን! እግሬን!» እያለ እዚያው ተዘረፈጠ።

ገብስማ ልጆቿን ይዛ ውሻ ያለበት ግቢ ልትገባ ስትል ከሩቅ ጮኸ፦ «እመት ገብስማ! እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሎ የለም እንዴ?»

«ሄደ እኮ!» አለችው።

የቀረችውን አንዷን እንቁላል አንስቶ ቢነክሳት ጧ ብላ አፉ ውስጥ ፈነዳች። ግማቱ እስከ ዛሬ አለቀቀውም። እኔ የሰማሁት ይህንን ነው፤ የጎደለ ካለ የረሳሁት እኔ ነኝ። ይቺን ግን እናንተ እንዳትረሷት፦

እንቁላል በእግሩ ቢሄድ፣ የሚሄደው ወደ እናቱ ነው።