ከተሳቢው ሥር ያልገባው ሰው

አንድ ሰው ነበር። ስሙን ተዉት፤ ከእናንተ ያንዳችሁ ስም ሊሆን ይችላል። መልካም ሰው ነበር። ለሰላምታ ቀድሞ ይነሣል፣ ጎረቤት አያስቀይምም፣ "እምቢ" የሚል ቃል ካፉ ወጥቶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው አገር ይወደዋል። ለምን አይወደው? ማንንም አያስቸግር!

ሚስቱ እልፍነሽ ወገቧን ታማ ከተኛች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ቀና ብላ መቀመጥ አትችልም። ባለፈው ክረምት ቆላ ወርደው ጸበል ሲያስጠምቋት ማደሪያ ጠፋና ላስቲክ ወጥረው አስተኟት፤ ዝናቡ ገባባትና የሳንባ ምች ይዛ ተመለሰች። ጸበሉ ግን አቅልሏት ነበርና ልቧ እዚያው ቀረ። "ሁለት ሱባዔ ብቻ ልግባ፣ እነሣለሁ" ትላለች።

"ላስቲክ ውስጥ ከመለስካት ሬሳዋን ነው የምታመጣው" አለው ወንድሟ ማንደፍሮ። ማንደፍሮ ፒክአፕ ይነዳል፤ ምላሱ ለከት የለውም።

ሰውየው አሰበ፣ አሰበና መላ አገኘ። በመኪና የምትጎተት፣ ሁለት ጎማ ያላት፣ አልጋ የተዘረጋባት ትንሽ ተሳቢ ቤት፤ መንገድ ሥራ ላይ ቀያሾች የሚያድሩባት ዓይነት። ሥራው ሲያልቅ የተሸጠች አንዲት አሮጌ ተሳቢ ጋሽ ወንዳፍራሽ ግቢ ቆማለች ተባለ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ደግሞ የሟች አባቱ ወዳጅ ናቸው። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?

ከማንደፍሮ ጋር ሊያዩዋት ሄዱ። ተሳቢዋን ከማየታቸው በፊት ገበታ ቀረበ። የጋሽ ወንዳፍራሽ ባለቤት ዶሮ ሠርተው ጠብቀዋቸዋል። "በሞቴ!" ብለው አጎረሱት፣ "አፈር ስሆን!" ብለው ደገሙት። ሰውየው በልቶ፣ ጠግቦ፣ እጁን ታጥቦ ወጣ።

ከዚያ አየ። ምኑን አየ? መጋረጃውን ገለጠ። አልጋውን ተጭኖ ለስላሳነቱን ለካ። በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። እልፍነሽ በዚህች መስኮት ዛፍ እያየች ስትተኛ ታየውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቤቷ ታምር ነበር፤ ማን ይዋሻል?

ማንደፍሮ ግን ውጭ ቁጢጥ ብሏል።

"ና እስቲ፣ ይሄን ጎማ እየው። በውጭ በኩል ጥርሱ እንዳለ ነው፤ በውስጥ በኩል ተልጦ ሽቦው ሊወጣ ነው። ጎማ እንዲህ ባንድ ወገን የሚበላው ሁለቱን ጎማ የያዘው ዘንግ ሲጎብጥ ነው። ክሪክ ላምጣና ከመሬት ላንሣት። ጎማውን ይዤ ስወዘውዘው ከተነቃነቀ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው። ከሥር ገብቼም ዘንጉን ልየው።"

የሰውየው ፊት ልውጥውጥ አለ። "ዝም በል! እጃችንን የታጠብንበት ውሃ ሳይደርቅ? ሌባ ናቸው ልትላቸው ነው?"

"ሌባ አላልኩም። ዘንግ ነው ያልኩት።"

ጋሽ ወንዳፍራሽ ሰሙ። "እዩት እንጂ ልጆቼ" አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ አጥሩ አድርገው። "ዕቃ ሳይታይ ይገዛል እንዴ?"

"ኧረ ጋሽ ወንዳፍራሽ! የአባቴን ወዳጅ ተጠራጥሬ የት ልደርስ ነው!"

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ገጠሙት። "እንግዲህ እንዳላችሁ" አሉና ገንዘቡን ተቀብለው መረቁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ ውሸት የተናገረ ሰው አለ? የለም። ጋሽ ወንዳፍራሽ "እዩት" ብለዋል። ሰውየው "አምንዎታለሁ" ብሏል። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድም ክፉ ቃል አልወጣም! ዘንጉ ግን በዚያ ሁሉ መልካም ቃል አልተቃናም።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ሠፈርተኛው ወጥቶ ሸኛቸው፤ "ድነሽ ነይ" እያለ መሬት ሳመላት። ሁለቱ ወንዶች ከፊት፣ እልፍነሽ ከኋላ ተሳቢዋ ውስጥ ተኝታ። አንዳች ነገር ከፈለገች በጣሳ ግድግዳውን እንድትመታ ተስማምተዋል።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደተጓዙ ጣሳው ጮኸ። ቆሙ።

"ምን ሆንሽ?"

"ወፍጮ ቤት ነው እንዴ ያስተኛችሁኝ?" አለች እየሳቀች። "ከሥሬ የሚፈጭ ነገር አለ።"

ማንደፍሮ የጎማውን መሐል ቢነካው እጁን ለበለበው። "ኩሽኔታው አልቋል! በቃ፣ ወደ ከተማ እንመለስና መካኒክ ይፍታው። ዛሬ ባንደርስ ነገ እንደርሳለን።"

ሰውየውም ሙቀቱን በጣቱ አየው። አወቀ። ማወቁን እኔ ልንገራችሁ። ነገር ግን የሸኘው ሰው ሁሉ ፊቱ ላይ ተደቀነበት። "አገር ምድሩን አሰናብተን ወጥተን ምን ብለን እንመለሳለን? ጋሽ ወንዳፍራሽስ ቢሰሙ? ስማቸውን አጠፋው ይሉኛል። ውሃ አፍስስበትና ቀስ እያልን እንሂድ።"

ውሃ አፈሰሱበት። ቀስ እያሉ ሄዱ።

ቁልቁለቱ ላይ ዘንጉ ተሰበረ። ጎማው ተነቅሎ ብቻውን እየነጠረ ወረደ፤ ተሳቢዋ በጎኗ ተጎተተችና ቦይ ውስጥ ተገለበጠች። ቁም ሳጥኑ እልፍነሽ ላይ ወደቀ። ጣሳው አልጮኸም።

ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መደብ ላይ አጋደሟት። ትተነፍሳለች። ባሏን አየችው፣ ወንድሟንም አየችው።

"ለመሆኑ" አለች፣ "ሥሩን አይታችሁት ነበር?"

ባሏ እጇን ይዞ "አይዞሽ" አላት። እሷ የጠየቀችው ሌላ፣ እሱ የመለሰው ሌላ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ከሰውየው አጠገብ ተቀመጡና እያለቀሱ ጆሮው ሥር አሉት፦ "ያኔውኑ ብትጠይቀኝ ልጄ፣ አልዋሽህም ነበር። መጉበጡን አውቅ ነበር።"

እና ምን አለ መሰላችሁ ያ መልካም ሰው? አንገታቸውን አነቀ? "ከግቢዬ ውጡ" አለ? "ኧረ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ የእግዜር ቁጣ ነው፤ እርስዎ ምን አደረጉ!" አላቸው። ድንኳን ሙሉ ሰው "እንዴት ያለ ጨዋ ነው" ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ሰማችሁ? በመቃብሯም ላይ አፈረ! ሽማግሌውን ላለማስቀየም ጥፋቱን ተሸክሞ ወስዶ እግዜር ላይ ጫነው። ሰውየው ከሥር ገብቶ እንዳያይ ማን ከለከለው? እግዜር ነው የከለከለው?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አንገታችሁን አትድፉ።

አንተ፣ ልጅህን ስትድራት የሙሽራው የፊተኛዋ ሚስት ለምን በሌሊት ልብስ ሸሽታ እንደወጣች ጠየቅህ? አልጠየቅህም። የመጡት ሽማግሌዎች ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ያሳፍራል። አንቺ፣ ባልሽ ደም ሲተፋ አይተሽ "ተዪኝ" ቢልሽ ተውሽው። ነገር ላለማንሣት። የነፍስ አባታችሁ "ሌላስ ልጄ?" ሲሏችሁ "ይኸው ነው አባ" ብላችሁ መስቀል ተሳልማችሁ ትወጣላችሁ። መጋረጃውን አሳይታችኋቸው ከሥር ማን ይገባል?

እዚህ መካከል ጋሽ ወንዳፍራሾችም ተቀምጣችኋል፤ አታመልጡኝም። "አልዋሸሁም" ትላላችሁ። መች ጠየቁህና ትዋሻለህ? እያወቅህ ዝም ማለትህስ ከውሸት አይቆጠርም?

ይሉኝታን ትሕትና ነው አትበሉኝ። ትሑት ሰው በሰው ፊት አፈር ላይ ይተኛል፣ ልብሱ ይቆሽሻል፣ ይሳቅበታል፣ ከሥር ገብቶ ያያል። ይሉኝታ ያለበት ልብሱን ንጹሕ አድርጎ ይቆማል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ እሱ አይደለም። ውስጥ የተኛው ነው።

ያ ሰው ዛሬም በአገሩ መልካም ሰው ይባላል። ማንደፍሮ ግን ደጁን አይረግጥም። የእልፍነሽ አልጋ ባዶ ነው፤ ባሏ ግን ጎረቤት በመጣ ቁጥር ቀድሞ ይነሣል።

በሉ፣ ከዚህ ስትወጡ እያንዳንዳችሁ የምትሄዱበትን ቤት ታውቁታላችሁ። ልትጠይቁት ፈርታችሁ ያሳደራችሁት ጥያቄ አለ። ቡና ከመቅረቡ በፊት፣ ሳትጎርሱ፣ በር ላይ ቆማችሁ ጠይቁ። ይቀየሟችኋል። ይቀየሙ።